ቀማሽ እንጂ ጠጪ አይደለሁም

«ማርያምን፣ እኔ እዚህ ግንብ ሥር አንዲት ጠብታ አልደፋሁም!» አሉ እትዬ ለተማርያም፣ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው።

«አንቺ ደፋሽ መች አልኩ አቦ! በለጡ ትሆናለች ነው ያልኩት» አለች መስቱራ ከግንቡ ወዲያ። የሚታየን ሻሿና ዓይኗ ብቻ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ቆማ ነው የምታወራው።

«በለጡ የኔ ሠራተኛ ናት። እሷ ደፋች ማለት እኔ ደፋሁ ማለት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የመስቱራ ባል በድሪ ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ሱቅ አለው፤ ሱቁ ጠባብ ስለሆነ የስኳሩን ጆንያ የሚያስቀምጠው ቤቱ ነው። ያን ሰሞን ረጅም የጉንዳን ሰልፍ በግንቡ ስንጥቅ እየሾለከ እነመስቱራ ቤት ገብቶ ጆንያው አጠገብ ደረሰ። መስቱራ ሰልፉን ወደኋላ ብትከተለው መነሻው ከግንቡ ወዲህ፣ እነእትዬ ለተማርያም ጓሮ ሆኖ አገኘችው። ጠጅ ቤት አጠገብ የምትኖር ሴት ደግሞ ጉንዳን ከየት መጣ ብላ ብዙ አትመራመርም፤ የጠጅ አምቡላ ተደፍቶ ነው አለች። እትዬ ለተማርያምን ያንገበገባቸው መጠርጠሩ አልነበረም፣ የብክነቱ ስም እንጂ። የጋኑን ዝቃጭ አረቄ አውጪዎች ደጃቸው ድረስ መጥተው በጣሳ እየለኩ ይወስዱላቸዋል፤ እሳቸው ታዲያ ገንዘብ መሬት ላይ የሚደፉ ሴት ናቸው? እኔ ያን ጊዜ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ልብስ ሰፊዎች ወዳሉበት መንገድ፣ ወደ መኪና ግርግር፣ ወደ ስፌቴ ልወጣ ስል ነው ጠቡ በር ላይ የያዘኝ። የጎረቤትን ጠብ ከመሐል ትቶ መሄድ ቀኑን ሙሉ ያሳክካል፤ ቆምኩ።

ይሄኔ የእትዬ ለተማርያም ባል ጋሽ ሀብተወልድ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የውሃ ጣሳቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ጣሳዋ ያን ሰሞን ከእጃቸው ተለይታ አታውቅም። ድሮ በር ሲወጡ ሆዳቸው ቀድሞ ወጥቶ ነበር እሳቸው የሚከተሉት፤ አሁን ግን ቀበቷቸው ላይ ሁለት ጊዜ አዲስ ቀዳዳ የበሳሁላቸው፣ ሱሪያቸውንም ያጠበብኩላቸው እኔው ነኝ። ሰው «ምነው ከሱ?» ሲላቸው «ጎልማሳነቴ ተመለሰ» ይላሉ። በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርገዋል፤ አዲስ ጫማ የላጠው አውራ ጣታቸው አልድን ብሎ ሰንብቷል።

የጠቡ ምክንያት ሲነገራቸው ከት ብለው ሳቁ። «በከንቱ ተቀያየማችሁ። እዚያች ቦታ ሌሊት ሌሊት የምወጣው እኔ ነኝ። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፣ እግሬም ያመኛል። ሽንት ደግሞ ጉንዳን ጠርቶ አያውቅምና እናንተ ሌላ ሰበብ ፈልጉ» አሉና ውሃቸውን ጨለጡ።

እኛም ሳቅን። መስቱራ ግን አልሳቀችም። ሻሿ ከግንቡ በላይ ጠፋ፤ ጥቂት ቆይታ በዋናው በር ዞራ መጣች። ጉንዳኖቹ የተከማቹበት ቦታ ላይ ጎንበስ ብላ አየች። ጠብ ፈላጊነቱ ከፊቷ ላይ ጠፍቶ ነበር።

«ጋሽ ሀብተወልድ፣ ሌሊት ብዙ ጊዜ ይነሳሉ?»

«ከአውራ ዶሮው ቀድሜ፣ ከአውራ ዶሮው ጋር፣ ከአውራ ዶሮውም በኋላ።»

«ውሃስ?»

«የዓለማያን ሐይቅ ብታመጪልኝ እጨርሰዋለሁ።»

መስቱራ ወደ እትዬ ለተማርያም ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እናቴ ላይ እንዲሁ ነበር፣ አላህ ይዘንላትና። ከእኛ ቀድመው ያወቁት ጉንዳኖቹ ናቸው። ስኳር ነው እህቴ። ወላሂ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።»

እትዬ ለተማርያም እጃቸውን ከወገባቸው ላይ አወረዱ።

ስለ ጋሽ ሀብተወልድ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ጠጪ አልነበሩም። ይህን እሳቸውም፣ ሚስታቸውም፣ ሠፈሩም ያውቃል። እሳቸው ቀማሽ ነበሩ። እንደምናውቀው ጠጅ የሚያሳልፍ ሰው እንግዳው ከመጠጣቱ በፊት ከመጠጡ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ንጹሕ ነው፣ ክፉ ነገር የለበትም ለማለት ነው። የእትዬ ለተማርያም ጠጅ ቤት ሲከፈት ይህ ሥራ ለባልየው ተሰጠ፤ ባልየውም ሥራቸውን ወደዱት። መጀመሪያ በመዳፍ ነበር። ከዚያ መዳፍ ያፈሳል ብለው ወደ ዋንጫ ተሻገሩ። ዋንጫ ደግሞ ቀለሙን አያሳይም ብለው ወደ ብርሌ ገቡ፤ ብርሌ ከያዙ ወዲያ ግማሹን መመለስ እንግዳን መናቅ ነው ተባለ። ጠዋት እያንዳንዱን ጋን መቅመስ አለ፤ ሌሊት ተለዋውጦ ይሆናላ። ቀትር ላይ እንደገና አለ፤ የሐረር ፀሐይ ጠጅን ታነቃዋለች። ማታ ለገባው እንግዳ ሁሉ በየተራ ይቀመሳል፤ ለአንዱ ቀምሶ ለሌላው አለመቅመስ ማዳላት ነው። ተቀምጠው ግን ጠጥተው አያውቁም። ብርሌያቸውን የሚገለብጡት ቆመው ነው፣ ምላሳቸውን አጣጥመው፣ እንደ ዳኛ ፍርድ ሰጥተው፦ «ጠርቷል»፣ «ጌሾው ቸኩሏል»፣ «ይህቺ ትደር»። ተንገዳግደው ያየ የለም። ጠዋት የጀመራቸው ሞቅታ ግን እስከ መኝታ አይለቃቸውም። እትዬ ለተማርያምም በማኅበር ላይ የሌሎቹ ሴቶች ባሎች ገቢያቸውን በጉሮሯቸው ያወርዳሉ ተብለው ሲታሙ፣ «የኔስ አይጠጣም፤ ተመስገን» ይሉ ነበር። ሴቶቹ ይቀኑባቸዋል። ይህ ቅናት ሃያ ዓመት ሙሉ የቤቱ አንድ ጌጥ ሆኖ ኖሯል።

ያን ዕለት ደግሞ ቀማሽ የሚፈለግበት ቀን ነበር። እህል ነጋዴው አቶ ወርቁ ልጃቸውን በጥር ሊድሩ ነው፤ የሠርጉን ጠጅ ለማዘዝ ማታ ሽማግሌ ይዘው መጥተው ሊቀምሱ ቀጠሮ ይዘዋል። ትእዛዙ ከተገኘ ክረምት በመጣ ቁጥር ገንዳ ከሥሩ የሚደረደርበት የሚያፈስ ጣሪያ ቆርቆሮው ይለወጣል። አቶ ወርቁ ግን የራሳቸውን ሚዛን እንኳ የሚጠረጥሩ ሰው ናቸው፤ ባለቤቱ ቀድሞ ያልጠጣውን ለዘመዶቼ አላቀርብም ብለው ቀደም ብለው ልከዋል። ስለዚህ ጋሽ ሀብተወልድ ወደ ሐኪም ሲሄዱ እንኳ የሚያስቡት ስለ ማታው ነበር። ከመውጣታቸው በፊትም ጓዳ ገብተው አዲሱን ጋን ቀምሰው ነው የወጡት፤ ለሐኪም በባዶ ሆድ መታየት ነውር ነው ብለው። እትዬ ለተማርያም «አንተ ፊደል የቆጠርክ ነህ፤ የሚሉትን ስማልኝ» ስላሉኝ እኔም አብሬ ጋሪው ላይ ወጣሁ። አራተኛ ክፍል ድረስ መማሬ በዚያ ግቢ ትልቅ ነገር ነበር።

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ከኤረር በር አካባቢ የመጣ ግንበኛ ነበር፤ ሁለት ክራንች ግድግዳው ላይ አስደግፏል። የሱሪው አንድ እግር ጉልበቱ ላይ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። የጋሽ ሀብተወልድን ነጠላ ጫማ አየና እንደ አገር ልጅ ፈገግ አለ። «የኔም በጣት ነው የጀመረኝ» አለ። ጋሽ ሀብተወልድ ሰላምታ እንደሰጡት ሁሉ «እግዜር ይማርህ» አሉት እንጂ እግራቸውን ከወንበሩ ሥር ሰብሰብ ሲያደርጉ አይቻለሁ። እትዬ ለተማርያምም አይተዋል። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየጠቀለሉ፣ እየፈቱ፣ ስማችን እስኪጠራ ቀና አላሉም።

ክፍሉ ነጭ ነው፤ የሚሸተው የሳሙናና የእሳት ነው። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። የሚተረጉምለት እንደሻው የሚባል የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰር ነው፤ የአሰፋ የአናጢው ልጅ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ። እንደሻው ስኳር መኖሩን ለማየት የጋሽ ሀብተወልድን ሽንት ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር በቀጭን ብልቃጥ ቀላቅሎ ትንሽ እሳት ላይ ያዘው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫውም እየጠቆረ ሄዶ ሸክላ መሰለ። ጋሽ ሀብተወልድ ሥራቸው ነውና ከወንበራቸው ተነሥተው ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አዙረው ሊያዩ ፈለጉ።

«ይሄ ጠጅ ቢሆን ኖሮ ደርሷል እል ነበር።»

«ደርሷል ጋሼ» አለ እንደሻው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ስቦ መጠየቅ ጀመረ፤ ዕድሜ፣ ምግብ፣ ጥማት፣ የእግሩ ቁስል። ከዚያ እንደሻው «መጠጥ ይጠጣሉ ወይ? ይላሉ» አለ።

«አልጠጣም» አሉ ጋሽ ሀብተወልድ። የተናገሩት እንደ መሐላ ነው፤ ለነገሩ በእምነታቸው አልዋሹም። ሐኪሙ ጻፈ።

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲያንሾካሹክ ይሰማኛል። እኔ ጣሪያውን አየሁ፤ አንዳንድ እውነት የሚናገረው ሰው የተወሰነ ነው፣ ተከራይ አይናገረውም። እትዬ ለተማርያም የተጻፈውን ማንበብ ባይችሉም ብዕሩን በዓይናቸው ተከተሉት። ያቺ ቃል የእሳቸውም ቃል ነበረች፤ በማኅበር ላይ፣ በገበያ፣ በቄሱ ፊት ሳይቀር የተናገሯት። እሷን ማጠፍ ማለት ያን ሁሉ ሴት ተሰብስባችሁ ሳቁብኝ ማለት ነው። ደግሞ ጠጁን የጣለው ማን ነው? ጋኑን በጌሾ ያጠነው ማን ነው? ከኮሪደሩ የክራንች ድምፅ መጣ፣ ቀጨ፣ ቀጨ፣ ቀጨ፤ ግንበኛው ሊሄድ ተነሥቶ ይሆናል።

«ይቀምሳል» አሉ እትዬ ለተማርያም።

እንደሻው ዞረ። «ምን አሉ እናቴ?»

«ቀማሽ ነው። ጠጅ ይቀምሳል።»

«ምን ያህል?»

«ከጋኑ ጋር ይነሳል፣ ከጋኑ ጋር ይተኛል።»

«ለተማርያም!» አሉ ጋሽ ሀብተወልድ።

«ምነው እርስዎ? ዋሸሁ?»

እትዬ ለተማርያም ባላቸውን የሚጠሩት «አንተ» እያሉ ነው፤ «እርስዎ» ያሉ ቀን ግን ከግቢው ወጣ ማለት ይሻላል። ጋሽ ሀብተወልድ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እንደሻው ትንሽ አሰበ፤ ቀማሽ የሚለው ቃል በፈረንጅ አፍ ምን እንደሚባል እየፈለገ መሰለኝ። በመጨረሻ ለሐኪሙ የነገረው በጣም አጭር ነበር። ሐኪሙ የጻፈውን ሰርዞ ሌላ ጻፈ።

ጋሽ ሀብተወልድ ግን በአንድ ግጥሚያ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ተቀምጠው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው አንድ ነገር ይጠየቁልኝ» አሉ። «የጎረቤቴ የመስቱራ እናት እስላም ነበሩ። መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ሽታው ከግንብ ወዲያ ሲመጣ እንኳ መስኮት ያዘጉ ነበር። የሞቱት በዚሁ በስኳር ነው። ስኳርን የሚያመጣው መጠጥ ከሆነ፣ ለእሳቸው ማን አመጣላቸው?»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም «እሰይ!» ብያለሁ በልቤ። ክርክሩ ቀዳዳ የሌለው መሰለኝ። ሐኪሙ ሲተረጎምለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለና መለሰ።

«ቤት በመብረቅም ይቃጠላል፤ መብረቅ አለ ተብሎ ግን ምድጃው እየነደደ አይተኛም፣ ይላሉ» አለ እንደሻው። ከሐኪሙ አፍ የወጣው አጠር ያለ ነበር፤ መብረቁን እንደሻው ራሱ የጨመረው ይመስለኛል። ከዚያ አስረዳን። በሽታው ለአንዳንዱ በዘር ይመጣል፣ ለአንዳንዱ በውፍረት፤ ብዙ መጠጥ ለብዙ ዓመት ደግሞ ቆሽትን እያደከመ፣ አካልንም እያወፈረ፣ መንገዱን ይጠርግለታል። መጠጥ የነካ ሁሉ አይታመምም፣ ያልነካም ሁሉ አይድንም፤ ግን እሳት አጠገብ የሚተኛና ከእሳት ርቆ የሚተኛ እኩል አይደሉም። ጠጅ ላይ ደግሞ ማሩም አለ።

ጋሽ ሀብተወልድ ከዚህ ሁሉ መሐል አንዲት ፍሬ ለቅመው ነበር። «ብዙ መጠጥ ነው ያሉት። ጥቂትስ?»

«ጥቂት የሚጠጣ ሰው ብዙም ላይጎዳ ይችላል ይላሉ። እርስዎ ግን የጥቂቱን ድርሻ ቀደም ብለው ጨርሰዋል።»

«አረቄስ? አረቄ ማር የለበትም፤ እንዲያውም ይመራል።»

«እሱም።»

«ጠላ?»

«እሱም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ተረፈኝ?»

«እግርዎ» አለ እንደሻው፤ ጎንበስ ብሎ የአውራ ጣታቸውን ቁስል ማጠብ ጀመረ።

በጋሪው ተመለስን። ሐኪሙ የሰጠን ክኒን በወረቀት ተጠቅልሎ በእትዬ ለተማርያም መቀነት ውስጥ ነው። ፈረስ መጋላ ስንደርስ ሰላም ያላቸው ሰው ሁሉ «ጋሼ፣ እግርዎን ምን ነካው?» ይላል፤ ጋሽ ሀብተወልድም «ጫማ» እያሉ ይመልሳሉ። በጫማ መታመም አያሳፍርም።

ቤት ሲገቡ እሳቸው እልፍኝ አልጋው ላይ፣ እሳቸው ደግሞ ጓዳ ጋኖቹ ዘንድ ተቀመጡ፤ ማለቴ ባል እልፍኝ፣ ሚስት ጓዳ። በመካከል መጋረጃ አለ፤ የጥንት ቀይ አበባው ወደ ቡና ዓይነት ቀለም የዞረ። እኔ ያን ቀን ሥራ አልሄድኩም፤ የጓዳው በር ላይ ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ የምተክል መስዬ ዝምታቸውን አዳመጥኩ። የባልና ሚስት ዝምታ ድምፅ አለው፤ የጋን ክዳን ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አልጋው ይንቋቋል፣ በጣሳ ውሃ ይቀዳል። በኋላ ከመጋረጃው ወዲያ የጋሽ ሀብተወልድ ድምፅ መጣ።

«ለተማርያም። ማታ ታምሜአለሁ ብል ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

እትዬ ለተማርያም ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነከሩ።

«የጠጅ ቤቱ ጌታ በገዛ ጠጁ ታመመ ይባላል። ነገ ጠዋት ወሬው ኤረር በር ነው። ሥራዬ የምትባለዋን የባለጠጅዋን ቤት አስታውሺ፤ ባሏ ሌላ ጠጅ ቤት ሲጠጣ ታየ ተብሎ አይደለም እንዴ የተዘጋው?»

ጨርቁን አወጡና ጨመቁት።

«ዛሬን ብቻ። አንዲት ብርሌ ለአቶ ወርቁ። ከነገ ጀምሮ…»

እትዬ ለተማርያም ጠጅ ማጥለያውን ጨርቅ ጨምቀው ጨምቀው አላቆሙም። ያቺ አንዲት ብርሌ ለእሳቸውም ፈተና እንደሆነች ከጭመቃው ያስታውቃል። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ባለፈው ክረምት ውሃው የወረደበት ቦታ ግድግዳው ላይ ረጅም ቡናማ ጢም አብቅሏል። አንድ ጊዜ «ቆርቆሮው…» አሉና ዋጡት።

ከዚህ ያወጣቸው የመስቱራ ድምፅ ነው። በግንቡ ላይ አብሽ የተዘፈዘፈበት ውሃ በጣሳ አሻገረች፤ እናቷ በየቀኑ ትጠጣው ነበር። እትዬ ለተማርያም ወጥተው ተቀበሏትና ጠዋት ለተናገሯት ይቅርታ ሊጠይቁ ሲጀምሩ መስቱራ አቋረጠቻቸው። «አብሽሪ አቦ። እናቴ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ኖራለች። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አፏን ስትይዝ ጉንዳኖቹ ይሄዳሉ። ደብቃ ተምር የበላች ለታ ተመልሰው ይመጣሉ። ወላሂ፣ እሷ ብትክድ ጉንዳኖቹ አይክዱም።»

እትዬ ለተማርያም ግንቡን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ከዚያ ወደ ቤት ዞረው ጮክ ብለው ተናገሩ፦ «ሰሙ እርስዎ? ከዛሬ ጀምሮ ሽንት ቤት የሚባል የለም። የሚወጡት እዚሁ ግንብ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት እኔ አያለሁ።»

ጋሽ ሀብተወልድ የአብሹን ውሃ ተቀበሉ። ልማድ ነውና ጣሳውን ወደ ብርሃን ዘንበል አደረጉ፣ አሸተቱ፣ አጣጣሙ። «ጌሾ በዝቶበታል» ብለው ፈረዱና ጠጡት።

አመሻሹ ላይ አቶ ወርቁ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። በለጡ ፋኖሱን አብርታለች፤ አግዳሚው ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሌላ ቀን በስሙኒ ጠጅ ግማሽ ሌሊት የሚያወሩት ጋሪ ነጂዎች እንኳ ትልቅ ነገር እንዳለ ገብቷቸው ጥግ ይዘው ድምፃቸውን ቀንሰዋል። አቶ ወርቁ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና የሠርጉን ጉዳይ፣ የእህል ዋጋን፣ የዘንድሮን ማር መወደድ ተናግረው ጨረሱ። ለሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ለአቶ ወርቁና ለጋሽ ሀብተወልድ ከአዲሱ ጋን በብርሌ ተቀድቶ ቀረበ። ማንም አልነካም።

«ባለቤቱ ይቅመሱልና» አሉ አቶ ወርቁ።

ጋሽ ሀብተወልድ ተነሡ። ጠጅ የሚቀመሰው ቆሞ ነው። ብርሌውን አንገቱን ይዘው ወደ ፋኖሱ አነሡት፤ ጠጁ ጠርቶ፣ የፋኖሱ ነበልባል በውስጡ ተገልብጦ ይታያል። እንዲያ ያለ ጠጅ እትዬ ለተማርያም ጥለው አያውቁም። እትዬ ለተማርያም መጋረጃው አጠገብ ማንቆርቆሪያ ይዘው ቆመዋል፤ ዓይናቸው የሚያየው ብርሌውን ሳይሆን ነጠላ ጫማውን ነው። ጋሽ ሀብተወልድም የሚያዩትን ተከትለው ወደ ታች አዩ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው ጣት ከምንጣፉ ጫፍ ላይ ብቅ ብሏል።

ብርሌውን መልሰው አስቀመጡት። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ቀኝ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አምጪ ለተማርያም» አሉ።

እትዬ ለተማርያም ቀረቡና ከማንቆርቆሪያው አንዲት ጠብታ ጠብ አደረጉ። ጋሽ ሀብተወልድ የሚቀጥለውን ጠብታ ጠበቁ፤ አልመጣም። መዳፋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በምላሳቸው ጫፍ ነኩት።

«ጠርቷል» አሉ።

አቶ ወርቁ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ምነው ጋሼ በመዳፍ? እርስዎ ብርሌውን ነበር የሚገለብጡት፤ አገር ያውቃል።»

«እሱ ለጋሪ ነጂ ነው» አሉ ጋሽ ሀብተወልድ፣ ሳያፍሩ፣ ሳይቸኩሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት የኖሩት እስኪመስል። «የሠርግ ጠጅ የሚቀመሰው በመዳፍ ነው፣ እንደ አባቶች ሥርዓት። በብርሌ የሚቀምስማ ቀማሽ አይባልም፤ ጠጪ ነው።»

ከጥግ አንድ ጋሪ ነጂ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው። በአያቴ ቤት በመዳፍ ነበር። ዛሬ ሥርዓቱ ጠፋ እንጂ።»

አቶ ወርቁ በገንዘብ ቢታሙም በሥርዓት አላዋቂ መባልን አይችሉም። ሽማግሌውን አዩ፣ ጋሽ ሀብተወልድን አዩ፣ ባርኔጣቸውን ወደ ጎን አደረጉና መዳፋቸውን ዘረጉ። ሽማግሌዎቹም ዘረጉ። እትዬ ለተማርያም ለእነሱ በደንብ ቀዱላቸው። ሦስት የተከበሩ ሰዎች በፋኖስ ብርሃን መዳፋቸውን ሲልሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አቶ ወርቁ ሁለተኛ ዘረጉ፤ በሦስተኛው «ይበቃል፣ ይሄው ነው፤ ለጥር አጋማሽ ይድረስልኝ» ብለው ቀብዱን ምንጣፉ ላይ አኖሩ። ከዚያ ወደ ብርሌያቸው ተመለሱና «እንግዲህ ከኛ ጋር ይጠጡ ጋሼ» አሉ።

«ቀማሽ ከጠጣ ምላሱ ይሰንፋል። ሠርግዎን ላበላሽ?»

«ኧረ አይገባም!» አሉ አቶ ወርቁ ደንግጠው።

ጋሽ ሀብተወልድ የድል ፊታቸውን ይዘው፣ እያነከሱ፣ እንግዶቹን አልፈው ወደ መጋረጃው መጡ። እኔ የተቀመጥኩት እዚያው በርጩማ ላይ ነበር። እትዬ ለተማርያም ያልተነካችውን የባላቸውን ብርሌ ወደ ማንቆርቆሪያው መልሰው ገልብጠው በጨርቅ እየወለወሏት ነው።

«አየሽ?» አሉ ጋሽ ሀብተወልድ በሹክሹክታ። «ትእዛዙም ተገኘ፣ ሥርዓቱም ተመለሰ፣ የሐኪሙም ቃል አልተሰበረ። ከኔ በቀር ይህን ማን ያደርገዋል? እንግዲህ… እስከ ጥር አፌን ከያዝኩ፣ እግሬም ከዳነ፣ ለሠርጉ ዕለት አንዲት ብርሌ፣ አንዲት ብቻ፣ ቁጭ ብዬ እንደ ሰው ብጠጣ ምን ይመስልሻል?»

እትዬ ለተማርያም ብርሌዋን ወደ ፋኖሱ አንሥተው በውስጧ አሾልከው አዩ፤ እንደገና ወለወሏት።

«እሱን ጉንዳኖቹን ይጠይቁ።»